ያስገጠምኩት መቀርቀሪያ

«ከውስጥ የሚቆለፍ የጸሎት ክፍል ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አለች አሰልጣኟ።

ማንም አላወጣም። አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ ነን። ከየቤተ ክርስቲያኑ የመጡ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ እኔ ፔርሙስ ይዤ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዋና ሽማግሌ ግራ ቀኝ ተመለከቱና «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት። እውነትም አያውቁም።

እኔ ግን አውቃለሁ። አያት ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ትንሽ የጸሎት ክፍል በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ አለ። ያስገጠምኩት እኔ ነኝ።

እኔ እዚያ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሻይም አፈላለሁ፣ ወንበርም እደረድራለሁ። ከሁሉ የምኮራበት ሥራዬ ግን ወንበሯ ነበረች። ከጸሎት ክፍሉ በር ጎን አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አለች። አገልጋይ ሰው ሲያማክር ወይም ሲጸልይለት እኔ እሷ ላይ ቁጭ እልና ሰው እንዳይገባ እጠብቃለሁ። «በር ላይ ያለችው እህት» ነው የሚሉኝ። ሰው ሲመጣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «ጸሎት ላይ ናቸው» እላለሁ፤ ይመለሳል። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች የልቧን ስትናገር፣ አንዱ ዘማሪ ማይክ ፍለጋ እኔ ጓሮ በሄድኩበት በሩን በርግዶ ገባ። ሴትዮዋ ደንግጣ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። በዚያ ተናደድኩና ማንንም ሳልጠይቅ አናጺ ጠራሁ።

«እማማ፣ የጸሎት ቤት በር ከውስጥ ምን ያዘጋዋል? እግዜር እንዳያመልጥ ነው?» አለኝ አናጺው።

«አንተ ዝም ብለህ ግጠም» አልኩት እየሳቅኩ።

ገጠመው፤ ግን አጣሞ። በሩን በእጀታው ይዘህ ወደ ላይ ብድግ ስታደርገው መቀርቀሪያው ከቤቱ ይወጣል። ና አስተካክል ብዬ ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። ዛሬ ነገ እያለ ቀረ።

ይህን ሁሉ ያሰብኩት ፔርሙሱን እንደያዝኩ ነው። ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የተጠራው ስልጠና እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሳቅ ሳቅ ነበር። አንድ ወፍራም ሽማግሌ «እህቴ፣ እኔ እኮ የሚስቴን እጅ ለመያዝ እንኳ ዓመት የፈጀብኝ ሰው ነኝ፤ ምን ታሰለጥኚኛለሽ?» ብለው አዳራሹን አስቀውት ነበር። አሰልጣኟም አብራ ሳቀች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና፣ ድምጿን ሳትጨምር ቀጠለች። እጅ የሚጫነው ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን አለች። ምክር የሚሰጠው በሩ ክፍት ሆኖ ይሁን አለች። ከዚያ ይህን ጨመረች፦

«ልጅ የሚያጠምድ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርበው ልጅቷን አይደለም። እናቲቱን ነው። እናትየው ካመነችው፣ ልጅቷን ራሷ እጇን ይዛ ታመጣለታለች።»

ሻዩን ስኒው ሞልቶ ሲፈስ ነው ያየሁት። የዋና ሽማግሌው ወረቀት ራሰ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አሉኝ።

ምን ነካኝ? የወጣቶች አገልጋያችን ነው የነካኝ። ወደ እኛ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። «እማዬ» ይለኛል። ጤፌን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ አውጥቶልኛል። ደም ግፊቴ የተነሳ ቀን ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። የልጄ አባት ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ሞቶብኛል፤ አሁን አስራ ስድስት ሞልቷታል፣ አስረኛ ክፍል ናት። እኔ ይህን ሰው «ለልጄ አባት ሁንልኝ» ብዬ ለምኜዋለሁ። ያውም ተንበርክኬ። እሱም «ጸጋ አለባት፣ ለብቻዋ ሊጸለይላት ይገባል» አለኝ። ረቡዕ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት። «ጠላት እንዳይሰማ ለማንም እንዳታወሩ» አለን። እኔ እሺ አልኩ። ስድስት ረቡዕ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በሩን ጠበቅኩለት። ውስጥ መዝሙር ከፍ አድርጎ ይከፍታል፤ ምንም አይሰማም። ልጄ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ፣ አንገቷን ደፍታ ነው። መንፈስ ነክቷት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ረቡዕ ነበር።

እሱ ስልጠናው ላይ አልመጣም፤ «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» ብሎ ቀረ። እኔ እንድመጣ ግን ለሽማግሌዎቹ ያሳሰበው እሱ ነው። «እማዬ ትሂድ፣ ሻይ ታፍላላቸው፣ አየርም ትቀይር» ብሎ። ዘበኛችን ረቡዕ እረፍቱ ነው። ወንበሯ ባዶ ናት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ለስምንት አስር ጉዳይ።

ፔርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ወዴት ነው? ሻዩስ?» አሉ ዋና ሽማግሌው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው ሳልመልስ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ለልጄ ደወልኩ። ዝግ ነው። ይዘጋል እንጂ ምን ይሆናል! ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ይዘጋ ብሎናል፤ ስትረሳ የማስታውሳት እኔ ነበርኩ። ጣቴ ቁጥሩን እየነካ ሳለ አሰልጣኟ ከኋላዬ መጣች።

«እህቴ፣ ምን ሰማሽ?»

«ልጄ» አልኩ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ። መቀርቀሪያ አለው። እኔ ነኝ ያስገጠምኩት።» ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

እሷ ግን ገባት። ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። «የሽማግሌያችሁን መኪና እናስወጣ» አለች። መኪናቸው በሦስት መኪና ተዘግታለች፤ ባለቤቶቹ እስኪፈለጉ መቆም አልቻልኩም። «እርስዎ ይዘዋቸው ይከተሉኝ» አልኳት። ደረጃውን መውረድ ስጀምር ከላይ ሆና ጠራችኝ።

«ስትደርሺ በሩን አታንኳኪ። ክፈቺው።»

ከሩዋንዳ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፍኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ሚኒባሱ ቦሌ ላይ ተገተረ። ከፊታችን መኪና፣ ከኋላችን መኪና። ጎኔ የተቀመጠች ወጣት ስልኳ ላይ ስትስቅ ስልኳን ነጥቄ ልወረውረው ቃጣኝ። ነጠላዬን እጠቀልላለሁ፣ እፈታለሁ። መጸለይ ፈለግኩ፤ አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ የእሱ ጸሎት ነው፣ የእሱ አነጋገር፣ የእሱ «አሜን በሉ»። ተውኩት። በልቤ «ድረስ፣ ድረስ፣ ድረስ» ብቻ አልኩ፤ ለአምላክ ይሁን ለሾፌሩ አልለየሁትም።

ባቡሩን ብይዝ ይሻላል ብዬ መገናኛ ስወርድ፣ ጣቢያው ላይ ሰው ተሰልፎ አንገቱን ወደ ሀዲዱ አስግጓል። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ተመልሼ ወደ ታክሲ ተራው ሮጥኩ።

«አያት! አያት! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ።

ገባሁ። የቀረው አንድ ሰው ሳይሆን አምስት ሰው ነው።

«አንተ፣ አንድ ሰው አላልክም?» አልኩት።

«እናቴ፣ አንድ አንድ እያልን ነው የምንሞላው።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልቅሼ ኖሯል። ረዳቱ ፊቴን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ሰው ታሞብዎት ነው?» አለኝ፤ ድምጹ ሁሉ ተለወጠ። «ልጄ» አልኩት። በሩን ጎትቶ ዘጋውና የሾፌሩን ወንበር በመዳፉ መታ። «ንዳው! የጎደለውን መንገድ ላይ እንሞላለን።»

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ሦስት ረቡዕ በተከታታይ ልጄ «እማዬ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ዛሬ ልቅር» ብላኝ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣኋት። ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላትና «የእግዚአብሔርን ሰው አታስጠብቂ፣ ተነሺ» ብዬ ላክኋት። ጉንፋን እንዳልነበረ አሁን ታክሲ ውስጥ ገባኝ። ልጄ ልትነግረኝ የምትችለው ያንን ብቻ ነበር፤ ነግራኛለች፤ እኔ ዳማከሴ አጠጣኋት።

አያት ስወርድ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ከመውረጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ለእኔ እግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሮጥኩ ብል ይሳቅብኛል፤ ጉልበቴ የሚያውቀው መንበርከክ እንጂ ሩጫ አይደለም። ግን ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ኮብልስቶኑ ላይ ተበጠሰ፤ አውልቄ በእጄ ያዝኩት።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አዳራሹ ባዶ ነው። ከጀርባ መዝሙሩ ይሰማል፤ ያ ከፍ የሚለው መዝሙር። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሰማያዊዋ ወንበሬ አለች፤ የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ተቀምጦባታል፣ ነጠላ ጣል ተደርጎበት። ከሩቅ ለሚያያት ሰው የተቀመጠባት ትመስላለች።

እጀታውን ያዝኩ። አላንኳኳሁም። በሁለት እጄ በሩን ወደ ላይ ብድግ አደረግኩት። ቀጭ አለና ተከፈተ።

ልጄ ጥግ ላይ ነበረች። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ የዩኒፎርሟን ሹራብ እስከ አንገቷ ዘግታ፣ በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። እሱ በእሷና በበሩ መካከል ቆሟል። ዞሮ ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እማዬ! ጸሎት ላይ ነን እኮ። መንፈሱን አቋረጥሽብን።»

«ነይ ውጪ፣ የኔ ልጅ» አልኩ። እሱን አላየሁትም። እሱን ባየው እለሳለሳለሁ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት እንኳ «ይቅርታ ወንድም» ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ልማድ ነው። ዋጥኩት።

ልጄ በግድግዳው ጥግ ጥግ መጣች። እጇ በረዶ ሆኗል። ግቢው ውስጥ ያለችው የጽድ ዛፍ ስር ደርሰን ስንቆም ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

«አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ እሺ በይው ያልሽኝ» አለች።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነው ተንሰቅስቃ ያለቀሰችው። በእነዚያ ረቡዖች እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውንና ያልሆነውን እዚህ አልጽፍም። የእሷ ነው። ለሚመለከታቸው በራሷ አፍ ተናግራለች።

ዋና ሽማግሌውና አሰልጣኟ የደረሱት እኛ ዛፉ ስር ሳለን ነው። እሱ ቀድሞ ወጥቶ ተቀበላቸው። «ጋሼ፣ እማዬ ግፊቷ ተነስቶባት ነው መሰለኝ፤ ጸሎት ላይ እያለን ገብታ…» አለ፤ ድምጹ ለስላሳ፣ እጁ ደረቱ ላይ። ሽማግሌው ወደ እኔ ተመለከቱ፣ ወደ ባዶ እግሬ ተመለከቱ። ሊያምኑት መሆኑ ታየኝ። በጣም ቀላል ነበር ማመን። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አምኜዋለሁ!

አሰልጣኟ አልተከራከረችም። «ጋሼ፣ ሌላውን ይተዉት፤ መጀመሪያ በሩን ይዩ» ብቻ አለች።

ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«መቀርቀሪያ አለ» አሉ። «ይህን ማን ገጠመው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «ሰው እንዳይረብሻቸው ብዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ካቻቢቴ ይዤ ሄድኩና መቀርቀሪያውን ፈታሁት። አራት ብሎን ነው። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ዕለት ዋና ሽማግሌው ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ ሽማግሌ ይመጣል፣ የበደለው ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተበደለው እሺ ይላል፣ ተጸልዮ ይበተናል። እኔም ስንቱን እርቅ ሻይ ያቀረብኩበት ሰው ነኝ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። አሰልጣኟን ቀድሜ ጠርቻት ነበር፤ ጎኔ ተቀምጣለች። ልጄ መኝታ ክፍል ናት፤ በሩን ገርበብ አድርጋዋለች።

«እህታችን፣ የጌታ ስም ይሰደባል» አሉ ከሦስቱ አንደኛው፤ ያን ቀን በስልጠናው ሰው ያሳቁት ወፍራሙ ናቸው፣ የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ሰው። «ልጁ አልቅሷል፣ ተጸጽቷል። በቤታችን እንጨርሰው። ልጅቷም ነገ ታገባለች፤ ስሟን አስቢ።»

እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ሽማግሌ ሲለምን እምቢ ማለት አልተማርኩም። የመኝታ ክፍሉ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ልጄ ቆማ እያዳመጠች ነው። እናቴ ዛሬ ደግሞ ምን ታጠጣኝ ይሆን ብላ ይሆናል።

ከኪሴ መቀርቀሪያውን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ካቀረብኩላቸው ኬክ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ» አልኩ። «እኔ በር ዘግቼ ነው የኖርኩት። ስድስት ሳምንት በገዛ ልጄ ላይ ዘግቻለሁ። ከእንግዲህ ለማንም አልዘጋም። ይቅርታውን እሱና አምላኩ ይነጋገሩበት፤ እኔ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ።»

«በአገልጋይ ላይ ፖሊስ!» ወፍራሙ ተነሱ። ተቆጥተው ሲወጡ የሌላውን ሽማግሌ ጫማ አጥልቀው ወረዱ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠቧቸው ተመልሰው መጡ፤ ሳይናገሩ ቀይረው ሄዱ። ከመኝታ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት።

ዋና ሽማግሌው አልተነሱም። መቀርቀሪያውን አንስተው ሲያገላብጡት ቆዩ። «እጃችሁን አውጡ ስትል የለም አልኩ» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ እንጃ። «ሃያ ዓመት የመራሁትን ቤት በር አላውቀውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔም ቃሌን እሰጣለሁ።»

ሰኞ መጡ። ጣቢያ ስንደርስ የሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ የምትይዝ ፖሊስ ልጄን ለብቻዋ ልታነጋግራት ወሰደቻት። ልጄ ከመግባቷ በፊት ዞር ብላ «በሩ ክፍት ይሁን?» አለቻት። ፖሊሷ «እንደፈለግሽ» አለቻት። ክፍት ሆነ። እኔ ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ በር እየጠበቅኩ አልነበረም፤ ልጄን እያየሁ ነበር።

እሱ ከአገልግሎት ታገደ። ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፤ እሱም እኛ ሰፈር አይደርስም። እኛን ሰላም ማለት የተዉ ሰዎች አሉ። «የተቀባውን ነካች» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

ስልጠናው በኋላ እኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰጠ፤ ለሽማግሌው፣ ለመጋቢው፣ ለመዘምራን መሪው ለሁሉም። አሰልጣኟ መጀመሪያ ያደረገችው ሁሉንም አስነስታ በየክፍሉ መዞር ነው፤ እያንዳንዱን በር እንዲከፍቱና እንዲዘጉ። የጸሎት ክፍሉ በር አሁን ከወገብ በላይ መስታወት ነው። ሰማያዊዋ ወንበር መዘምራን ክፍል ሄዳለች። ያን ቀን እኔ ተቀምጬ ነው የሰለጠንኩት። ሻዩን ማን እንዳፈላው አላውቅም፤ ጭስ ጭስ ይላል። ጠጣሁት።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ አሁንም እቁነጠነጣለሁ። ሥራዬን ትቼ ሰዓት አያለሁ፣ ስልኬን አነሳለሁ። ልጄ ስልኳን አትዘጋም። «እማዬ፣ ቤት ነኝ» ትለኛለች፤ አንዳንዴ ሳልደውልም ቀድማ ትደውላለች። ጉንፋን ያዘኝ ስትለኝ ደግሞ ቁጭ ብዬ «ምን ሆነሻል?» እላታለሁ። ባለፈው ሳምንት «ኧረ እማዬ፣ የእውነት ጉንፋን ነው!» ብላ ሳቀችብኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊደሉን ያረመችልኝ ልጄ ናት፤ አሁን ጎኔ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የመኝታ ክፍላችን በር ክፍት ነው። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።